ዝውውር ሲመጣ ድመቷ ለማን ትቀራለች?

የሠራዊት ቤተሰብ ኑሮ በአንድ ቀዬ ተተክሎ የሚኖር ኑሮ አይደለም። የዝውውር ትእዛዝ በደረሰ ጊዜ ፍራሹ ይጠቀለላል፣ ድስቱና ምጣዱ በካርቶን ይታሸጋል፣ የቤቱ ንብረት ርክክብ ተፈጽሞ ቁልፉ ለተረካቢው ይሰጣል። በርክክቡ ሰነድ ላይ አልጋና ጠረጴዛው፣ አምፖሉ ሳይቀር ይመዘገባል። በየማታው ከማድ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጣ ፍርፋሪ የምትጠብቀው ድመት ግን በየትኛውም ረድፍ አትገኝም። ውድ አንባብያን፣ የዛሬው ጽሑፋችን በዚህችው ባልተመዘገበች የግቢ ነዋሪና በመሰሎቿ ላይ ያተኩራል።

ባለቤት የሌላትን ድመት ማብላት የሚነቀፍ ተግባር አይደለም። ድመት በምትመላለስበት ግቢ አይጥ ጤፉንና በርበሬውን እንደልቧ አትደፍርም። ይሁን እንጂ ቀለብ የለመደች እንስት ድመት ከሁለት ወር ጥቂት ቀናት በሚበልጥ እርግዝና ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ግልገሎችን ትወልዳለች፤ በዓመትም ከአንድ ጊዜ በላይ ልትወልድ ትችላለች። ሁለት ዓመት ቆይቶ የሚሄድ ቤተሰብ አንዲት ድመት የተወ ይመስለዋል፤ የሚተወው ግን መንጋ ነው። አዲሱ ነዋሪ ድመት የማይወድ ከሆነ የመርዝ ሐሳብ ይመጣል። መርዝ ደግሞ በታለመለት ላይ አይቆምም፤ የተመረዘውን አይጥ የበላች ድመት ትሞታለች፣ የተመረዘ በድን ሜዳ ላይ ሲጣል ጥንብ አንሳውም ይከተላል። ስለዚህ ድመት የሚያበላ ግቢ የአይጥ መርዝ ሊያስቀምጥ አይገባውም። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግዴታ ነው።

ስለ ምግቡም ጥቂት እንበል። የተረፈውን ወጥ በእንጀራ ለውሶ ማቅረብ በየቤቱ የተለመደ ነው። የወጣችን መሠረት ግን ቀይ ሽንኩርት ነው፤ ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስልም እንኳ፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ስለሚያፈርስ ለደም ማነስ ይዳርጋታል። ወተትም ቢሆን ለብዙዎቹ አዋቂ ድመቶች ተቅማጥ ያመጣል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። (በበዓል ማግሥት ይህን ምክር መስማት እንደሚከብድ አይጠፋንም።) ድመት በተፈጥሮዋ ሥጋ በል እንደመሆኗ፣ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ አንድ እፍኝ ሳንባ ከአንድ ሣህን ወጥ ይሻላታል።

ምግቡ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀርቦ ሣህኑ ሳይጨልም መነሳት አለበት። ደጅ ያደረ ትርፍራፊ በመጀመሪያ ባለቤት የሌለውን ውሻ፣ ቀጥሎም ጅብን ይጠራል። እዚህ ላይ «የሐረር ሰው ጅብ በእጁ ያበላ የለምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፣ ያበላል። ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው አበላሉ ነው። ለጎብኚ የሚደረገው ማብላት ከጀጎል ግንብ ውጪ፣ በታወቀ ቦታና በታወቀ ሰዓት፣ ጅቦቹን በሚያውቅና እነርሱም በሚያውቁት ሰው እጅ የሚፈጸም ነው። በዓሹራ በዓል ገንፎ በቅቤ ለጅቦች ማቅረብም የቆየ የከተማይቱ ሥርዓት ነው። ከሁሉ በላይ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ተላልፏል፤ አባትየው ሲደክም ጅቦቹ የማያውቁት ሰው እጅ ላይ አልወደቁም። ርክክብ አለው ማለት ነው። ማድ ቤት ደጃፍ ላይ አጥንት ወርውሮ በሩን መዝጋት ከዚህ ጋር አይነጻጸርም።

የበለጠ የሚያሳስበን ስለ ልጆቻችን ነው። የእብድ ውሻ በሽታ የሚለው ስያሜ ያዘናጋል፤ ድመትም በንክሻዋ ታስተላልፈዋለችና። በሽታው በሰው ላይ ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ለማለት ይቻላል፤ ከምልክቱ በፊት ግን መከላከል ይቻላል። ለምዳ የነበረች ድመት ያለ ምክንያት ብትቆጣ፣ ወይም አስፈሪ የነበረችው በድንገት ብትላመድ፣ ለሐጭ ቢዝረከረክባትና መዋጥ ቢያቅታት ልጆች እንዳይቀርቧት ይደረግ። ልጅ ከተነከሰ ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድና የታዘዘለትን ክትባት እስከ መጨረሻው ይውሰድ። በባህል መድኃኒት ፍለጋ የሚባክን ቀን የሚተካ ቀን አይደለም። የነከሰችውን ድመት መያዝ ከተቻለ ሳትገደል ተዘግቶባት ለ10 ቀናት ትታይ፤ ሕክምናው ግን ይህን ውጤት አይጠብቅም። አንድ ነገር እንጨምር። ድመት በመንካቱ እንደሚቀጣ የሚያውቅ ልጅ ንክሻውን ይደብቃል። «ብትነከስ መጥተህ ንገረኝ፣ አልቆጣህም» የሚለው ቃል ከንክሻው በፊት መነገር ያለበት ነው።

ለወፎች በበጋ ወራት በጣባ ውኃ ማስቀመጥ መልካም ልማድ ሲሆን፣ በተለይ ድሬዳዋ ለምትኖሩ ውኃው በየቀኑ ይደፋ፣ ጣባውም ይፈተግ። እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጌ ትኩሳት፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ በከተማይቱ ተከስተው ነበር፤ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ቀን የምትናከሰው ትንኝ በእንዲህ ያለ የቆመ ንጹሕ ውኃ ትራባለች።

ወደ ዝውውሩ ስንመለስ፣ ትእዛዙ እስኪደርስ መጠበቅ አያሻም። የእንስሳት ሐኪም በሚገኝበት ሥፍራ ሦስት ወር የሞላት ድመት ትከተብ፤ ማምከን የሚቻል ከሆነም እንስቲቱ ትምከን። ጎረቤት ካለ አስቀድሞ ይለማመዳት ዘንድ ሣህኑ በእርሱ እጅ ይቅረብ። ተረካቢው ቤተሰብ በመጣ ዕለትም ከቁልፉ ጋር በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፍለት፦ ስንት ድመቶች እንዳሉ፣ በስንት ሰዓትና የት እንደሚበሉ፣ የተከተበችው የትኛዋ እንደሆነች፣ የትኛዋ እንዳረገዘች፣ የትኛዋም ልጅ ሲቀርባት እንደምትቧጭር።