ግቢውን እንዳይዘግብ የሚማር ጋዜጠኛ

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት የሚማር ወጣት ከዶርሙ ተነሥቶ ክፍል እስኪገባ ባለው መንገድ ላይ ብቻ ለአንድ ወር የሚበቃ ዜና ያልፋል። ውሃ ከጠፋበት ሰንበት ያለ ሕንጻ አለ። ግንባታው ተጀምሮ በቆርቆሮ አጥር ውስጥ የቀረ ላቦራቶሪ አለ። ለምን እንደተሰረዘ ያልተነገረለት ጨረታ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ተማሪው ይህን ሁሉ አልፎ ይቀመጥና «አንድን ክስተት ዜና የሚያሰኙት መመዘኛዎች የትኞቹ ናቸው?» የሚለውን የፈተና ጥያቄ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ቅርበት፣ ወቅታዊነት፣ በብዙ ሰው ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ። ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ከዚያ በመጣበት መንገድ ወደ ዶርሙ ይመለሳል፤ ስላየው ነገር አንድ መስመር አይጽፍም፤ ቢጽፍም የሚያትምለት የለም።

ይህ አሠራር ጤናማ ነው ተብሎ ከተያዘ ቆየ። «መጀመሪያ ይማሩ፣ ሲመረቁ ይዘግባሉ» ይባላል። እኔ ግን እንዲህ ዓይነቱ ትምህርት ወጣቱን ዝም እንዲል እያለማመደው ነው እላለሁ። አራት ዓመት ሙሉ በዓይኑ ያየውን እንዳላየ ማለፍ የለመደ ልጅ፣ ጋዋን ለብሶ ፎቶ በተነሣ ማግስት የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ሊሆን አይችልም። በየክልሉ፣ በየዞኑና በየወረዳው የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ከሚቀጠሩት ብዙዎቹ ከእነዚሁ ክፍሎች የወጡ ናቸው። ኃላፊው የተናገረውን ጽፎ «ተገለጸ» ብሎ መዝጋትን እዚያ ሲደርሱ የተማሩት የሚመስለን ከሆነ ተሳስተናል፤ ልምዱን ከግቢ ይዘውት ነው የሚወጡት።

ይህን ስጽፍ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የአንዱ ዜና መጽሔት ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ወረቀቱ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ፣ ኅትመቱም ባለሙሉ ቀለም ነው። ሽፋኑ ላይ ፕሬዚዳንቱ ከአበባ ማስቀመጫ ጀርባ ቆመው ይናገራሉ። ውስጡ የመግባቢያ ሰነድ ፊርማ፣ የችግኝ ተከላ፣ የሥልጠና መክፈቻና የሥልጠና መዝጊያ ነው። ተማሪ የሚታየው በምረቃው ፎቶ ላይ ብቻ ሲሆን እሱም በሩቁ ነው። አሳታሚው የሕዝብና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ዳይሬክቶሬት ነው፤ በአዘጋጆቹ ዝርዝር ውስጥ እዚያው ግቢ ካለው የጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል የመጣ አንድም ተማሪ የለም። የዳይሬክቶሬቱን ሠራተኞች አልወቅስም፤ የተቋሙን መልካም ገጽታ ማሳየት የተቀጠሩበት ሥራ ነው። ነውሩ በግቢው ውስጥ ከዚህ ሌላ የሚነበብ ጋዜጣ አለመኖሩ ነው።

ጅማንና ሐረማያን የመሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች የማኅበረሰብ ራዲዮ ማቋቋማቸውን አደንቃለሁ። ተማሪ ማይክ ፊት ተቀምጦ የገዛ ድምፁን መስማቱ በምንም ሃንድአውት አይተካም። ዳሩ ግን የመሣሪያ እጥረት እየተባለ የሚቀርበው ምሬት ለእኔ ዋናው ጉዳይ አይደለም። ዛሬ የእያንዳንዱ ተማሪ ኪስ ውስጥ ካሜራና መቅጃ አለ። የጎደለው «ይህን ዘግብ፣ እኛ ከኋላህ አለን» የሚል ተቋም ነው።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። የጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል ባልነበረበት ዘመን የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋዜጣ ነበራቸው። ደራሲው በዓሉ ግርማ ወደ አዲስ ሪፖርተር መጽሔትና ወደ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከመምጣቱ በፊት በተማሪነቱ «ኒውስ ኤንድ ቪውስ»ን አዘጋጅቷል። ተማሪው ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. የብሔረሰቦችን ጥያቄ ያነሣበት ጽሑፍ የወጣው በተማሪዎች ማኅበር ልሳን በ«ስትራግል» ላይ ነው። በቀጣዩ ወር የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ። ያ ትውልድ የጻፈው ሁሉ ልክ ነበር አልልም፤ እስከ ዛሬም እንከራከርበታለን። ግን የምንከራከርበት ጽሑፍ መኖሩ ራሱ ተማሪው ብዕር፣ ማተሚያና አንባቢ ስለነበረው ነው። ዛሬ ጋዜጠኝነት እስከ ሦስተኛ ዲግሪ ይሰጣል፤ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም አሉን። ተማሪዎች ራሳቸው የሚያዘጋጁትና ግቢው በጉጉት የሚጠብቀው ጋዜጣ ግን በስንቱ ይገኛል?

ለምን እንደሌለ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ የጸጥታ ስጋት ነው። ግቢ በቀላሉ የሚቀጣጠል ቦታ ነው፣ ተማሪው ከየአካባቢው የመጣ ነው፣ አንድ ያልታረመ ዜና እሳት ይጭራል ይላሉ። ስጋቱን አልንቀውም፤ የደረሰውን አይተናልና። ግን የደረሰው እንዴት እንደደረሰ እናስታውስ። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎች ሲገደሉ ሁከቱ ወደ ሌሎች ግቢዎች ተዛመተ፤ ብዙ ተማሪዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ሸሹ። በዚያ ሰሞን የተማሪ ጋዜጣ ያነሣሣው ሰው አልነበረም፤ ጋዜጣው የት አለና! ፌስቡክ ላይ የሚዞረው ፎቶ በየትኛው ግቢ እንደተነሣ፣ የሞተው ማን እንደሆነ፣ በሩን ማን እንደዘጋው አጣርቶ የሚናገር የሚታመን ሰው ግቢው ውስጥ አልነበረም። በዚያው ዓመት ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱት ተማሪዎች ወላጆች ያሳለፉትን ጊዜም እናውቀዋለን። ልጅ ጠፍቶበት የሚጠይቀው ያጣ አባት ያስፈለገው ስም፣ ቀንና ቦታ ነበር። እነዚህን ሦስት ነገሮች ማጣራት የአንደኛ ዓመት የዜና አጻጻፍ ትምህርት ነው። ዛሬም ተማሪው መቼ እንደሚጠራ፣ ፈተናው ስለመራዘሙ የሚሰማው ከቴሌግራም ቻናል ነው፤ ቲክቫህ የተሰኘው ቻናል ያን ያህል ተከታይ ያገኘውም ክፍተቱ ስላለ ነው።

የካፌን ነገር እንውሰድ። ወደ 100 ብር ከፍ እስኪል ድረስ መንግሥት ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመድበው 22 ብር ነበር፤ ቁርስ፣ ምሳና እራት ማለት ነው። ገበያ ላይ አንድ እንጀራ ብቻውን 20 ብር መሸጥ በጀመረበት ጊዜ ይህ ገንዘብ እንዴት ሦስት ጊዜ እንደሚያበላ ከጋዜጠኝነት ተማሪ የቀረበ ማን ሊዘግበው ይችል ነበር? ትሪውን ይዞ የተሰለፈው እሱ ነው። የወጡ መቅጠን ይታየዋል። ወጥ ቤት የሚሠሩትን እናቶች በስም ያውቃቸዋል። ጤፉ ከምን ጋር እንደሚቀላቀል፣ አቅራቢው ውሉን በስንት ብር እንደያዘ፣ ዋጋ ሲንር ለምን ማቅረብ እንዳቆመ ጠይቆ ሊጽፍ ይችል ነበር። ያን ጊዜ ግዢ ክፍሉም ሊያስረዳ የሚችለው ብዙ ነገር ይኖረው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በዚያ በጀት ተማሪ ያበላ ኃላፊ ሊመሰገን የሚገባው ሊሆንም ይችላል። ይህንንም ቢሆን ዘግቦ የነገረን የለም። ታሪኩ ወደ አደባባይ የወጣው ሁልጊዜ እንደሚሆነው በስብሰባና በመግለጫ ነው።

የበጀቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚያቀርበው ሪፖርት ዩኒቨርሲቲዎች ስማቸው ይነሣል፤ ያልተወራረደ ሒሳብ፣ መመሪያን ያልተከተለ ግዢ፣ የተጓተተ ግንባታ። የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ የዩኒቨርሲቲ አመራሮችን ጠርቶ ሲጠይቅ በቴሌቪዥን ይተላለፋል። ይህ ሪፖርት በስንት የጋዜጠኝነት ክፍል ውስጥ ተነቦ ይሆን? ስለ ሚዲያ ንድፈ ሐሳብ ሊቁ ማክሉሃን የሚተርክ ፓወርፖይንት ግን ከባች ወደ ባች በፍላሽ ሲተላለፍ ይኖራል።

መምህራኑ ይህን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። የትምህርት ክፍል ኃላፊው ተጠሪነቱ ለዲኑ ነው፣ ዲኑ ለዩኒቨርሲቲው የበላይ አመራር፣ ፕሬዚዳንቱ ለቦርዱ፤ የቦርዱን አባላት ደግሞ ሚኒስትሩ ይሰይማል። ተማሪው የግዢ ክፍሉን የሚመለከት አሳይመንት ይዞ ሲመጣ መምህሩ «ርዕስ ቀይር» ቢለው ፈሪ ብዬ አልሰድበውም። የሚጠብቀው ደንብ የለውምና። ስለዚህ የምጠይቀው ድፍረትን ሳይሆን ደንብን ነው። እያንዳንዱ የጋዜጠኝነት ክፍል በተማሪዎችና በመምህራን ቦርድ የሚመራ፣ ከሕዝብ ግንኙነት ዳይሬክቶሬቱ ውጭ የሆነ ጋዜጣ ይኑረው፤ የሚታተመውም ዶርም ውስጥ በሚነገረው ቋንቋ ይሁን፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛ። ሴኔቱ አዘጋጁም መምህሩም በወጣ ዘገባ ምክንያት እንደማይቀጡ በጽሑፍ ያጽድቅ። የተሳሳተ ዘገባ ሲኖር ማረሚያው በዚያው ገጽ ይውጣ።

ይህን ለመጀመር አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም። መረጃ የማግኘት መብትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው የመንግሥት አካልን መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ የሚከለክለውም ኃላፊ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ቅሬታ ያለው ሰው ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመንግሥት አካል ነው። የሚዲያ ሕግ መምህሩ አዋጁን አንቀጽ በአንቀጽ ከማስሸምደድ ይልቅ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሥራ ይስጥ፤ የዘንድሮውን የካፌ የምግብ አቅርቦት ውል እንዲሰጠው ለራሱ ዩኒቨርሲቲ በጽሑፍ ያመልክት። ውሉን ያገኘ ከውሉ ዜና ይሥራ። የተከለከለ የክልከላውን ደብዳቤ ይዞ ይምጣና ከዚያ ዜና ይሥራ፤ መልስ ሳይሰጡት ጊዜው ያለፈበትም እንዲሁ። ሦስቱም በእኩል ይታረምላቸው።