አንገት ታስሮ አይድንም

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ውስጥ የአንዲት እህታችን ጥያቄ የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ነው ብዬ ስላሰብኩ ለዚህ ሳምንት መርጬዋለሁ። እንዲህ ትላለች፦

«የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። የምተዳደረው ኮምፒውተር ላይ ጽሑፍ በመተየብ ነው። ከአምስት ሳምንት በፊት የተሳፈርኩበት ሚኒባስ መብራት ይዞት እንደቆመ ሌላ መኪና ከኋላ መጥቶ ገጨን። ያን ዕለት ምንም አልተሰማኝም፣ ሥራ ገብቼ ዋልኩ። በማግሥቱ ግን አንገቴ ደርቆ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ራጅ ተነሳሁ፣ ‹አጥንትሽ ደህና ነው› ተባልኩ። የአንገት ማሰሪያ ገዝቼ ይኸው እስከ ዛሬ አላወለቅሁትም። እናቴ ‹ወጌሻ ጋ ልውሰድሽ› ትላለች። እጮኛዬ ደግሞ ‹ራጁ ደህና ነው ካለ ምን ሆንኩ ነው የምትይው?› እያለ ያሾፍብኛል። እኔ ግን እያመመኝ ነው። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ሕመምሽ እውነተኛ ነው። ራጅ በደንብ የሚያሳየው አጥንትን ነው፤ የተወጠረ ጡንቻና የተጎዳ ጅማት እዚያ ላይ አይታይም። መኪና ከኋላ ሲገጭ ወንበሩ ሰውነትሽን ወደፊት ይገፋዋል፣ ጭንቅላትሽ ግን ወደኋላ ይቀራል፣ ከዚያ ተወርውሮ ወደፊት ይመጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከግማሽ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ነው። የቡሄ ጅራፍ ሲጮህ አይታችኋል አይደል? ፈረንጆቹም ጉዳቱን «ዊፕላሽ» ያሉት ከጅራፍ ጋር አመሳስለውት ነው። ሕመሙ በማግሥቱ መምጣቱም የተለመደ ነገር ነው።

ነገር ግን ከማንኛውም እንቅስቃሴ በፊት ራስሽን ጠይቂ። እጅሽ ወይም እግርሽ ይደነዝዛል? ዕቃ ከእጅሽ ያመልጥሻል? ስትራመጂ ትንገዳገጃለሽ? ሽንት መቆጣጠር ያቅትሻል? እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት ወይም ለመናገር መቸገር አለ? ከእነዚህ አንዱ ካለ የአንገት ስፖርት የሚባል ነገር እንዳትሞክሪ፣ በቀጥታ ሐኪም ቤት ሂጂ።

እነዚህ ከሌሉ ወደ ማሰሪያው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1995 በካናዳ፣ ኩቤክ የተቋቋመ የባለሙያዎች ቡድን ጉዳቱን ከዜሮ እስከ አራት በደረጃ ከፋፍሎታል። ሦስት ነርቭ የተነካበት፣ አራት ደግሞ አጥንት የተሰበረበት ወይም ከቦታው የተንሸራተተበት ነው። ነርቭም አጥንትም ያልተነካበት፣ ሕመምና መድረቅ ብቻ ያለበት ሰው ግን ቶሎ ወደ ተለመደው እንቅስቃሴው እንዲመለስ ነው ያን ጊዜም የመከሩት። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የማይሠራ ጡንቻ ይሰንፋል። አምስት ሳምንት የታሰረ አንገት ወደ አምስት ኪሎ የሚጠጋውን ጭንቅላት መሸከም ይረሳል። ስለዚህ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይይሽና ማሰሪያውን በየቀኑ ሰዓቱን እየቀነስሽ አውልቂው።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ምን ያደርግልኛል ካልሽ፣ አንገትሽ የት ድረስ እንደሚዞር ይለካል፣ በእጁ ቀስ ብሎ ያፍታታል፣ ከሁሉም በላይ ግን ቤትሽ የምትሠሪውን ያስተምርሻል። ብዙውን ጊዜ ከሚሰጡት ውስጥ እነዚህ ይገኙበታል፦

አንደኛ፣ ቀጥ ብለሽ ተቀምጠሽ አንገትሽን ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ፣ መሳብ እስኪሰማሽ ድረስ ብቻ ቀስ ብለሽ አዙሪ። 10 ጊዜ ይበቃል። በቀን አንዴ ብዙ ከመሥራት ትንሽ ትንሽ እየደጋገሙ መሥራት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ሳታቀረቅሪ አገጭሽን ወደኋላ ሳቢና 5 ሴኮንድ ያዢው።

ሦስተኛ፣ ትከሻሽን ወደኋላ ሰብስበሽ 5 ሴኮንድ ያዢና ልቀቂ። ለአንቺ ኮምፒውተር ላይ ለምትውዪው ይኼኛው ዋና ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሺ፤ ስክሪኑንም ወደ ዓይንሽ ትይዩ ከፍ አድርጊው።

ስትሠሪ ትንሽ ቢያምሽና ወዲያው ቢተውሽ አትደንግጪ። ሕመሙ ወደ ክንድሽ ከወረደ ግን አቁመሽ ለባለሙያው ንገሪ። በሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ 15 ደቂቃ ማድረግም ጡንቻውን ያላላል።

እናትሽ የሚሉት ከፍቅር ነው፤ በአክብሮት አስረጃቸው። ወጌሻ ያሻቸው ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። አንገት ግን እንደ ቁርጭምጭሚት አይደለም። በውስጡ ሕብለ ሰረሰር ያልፋል፣ በጎኑ ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱ ሥሮች አሉ። ‹ቀጭ› እስኪል መጠምዘዝ ከነዚህ አንዱን ከጎዳ መመለሻ የለውም። ኧረ ተይው!

ብዙ ሰው በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይሻለዋል። ከዓመት በላይ የሚቆይበትም አለ። ፍርሃትና ብስጭት ደግሞ ሕመሙን ያከብዱታል። እዚህ ላይ ለእጮኛሽ አንድ ቃል አለኝ፦ ወንድሜ፣ «ታስመስላለች» ማለት ለታማሚ ሁለተኛ ግጭት ነው። ይልቅ ከባዱን ዘንቢል ተሸከምላት፣ ባለሙያው ዘንድ አብረሃት ሂድ፣ ማታ ማታ ስትሠራም ቁጠርላት።

እህቴ፣ ከአንድ ወር በኋላ እንዴት እንደሆንሽ ጻፊልኝ።