ቀንድ አውጣዋ ያፈረሰችው ቀመር

እስኪ ዛሬ ስለ አንዲት የባሕር ቀንድ አውጣ እናውራ። አፕሊዥያ ትባላለች። የነርቭ ሴሎቿ 20 ሺህ ገደማ ናቸው፤ የእኛ አንጎል ውስጥ ያሉት 86 ቢሊዮን ገደማ። ኤሪክ ካንዴል እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማት የተካፈለው በዋናነት እሷ ላይ በሠራው ምርምር ነው።

ሰውነቷን በቀስታ ሲነኳት የምትተነፍስበትን ክፍል ሰብሰብ ታደርጋለች። ደጋግመው ሲነኳት ግን ትለምደውና ችላ ትላለች። ይህን በቀመር መጻፍ ቀላል ነው፦ በእያንዳንዱ ንክኪ የሴሎቹ ግንኙነት በአንድ አምስተኛ ይቀንሳል እንበል። 100፣ 80፣ 64... ያምራል አይደል?

ጉዱ የሚመጣው አሁን ነው። ንክኪውን የለመደችውን ቀንድ አውጣ ጅራቷ ላይ በኤሌክትሪክ ነዘር ያድርጓት፤ መሰብሰቧ ወዲያው ይመለሳል! የእኛ ቀመር ደግሞ ቁጥሩ መውረድ እንጂ መውጣት አያውቅም። ስለዚህ ግንኙነቱን መልሶ የሚያጠነክር ሌላ ነገር መጨመር ግድ ሆነ፤ በቀንድ አውጣዋ ውስጥ ይህን ሥራ ከሚሠሩት አንዱ ሴሮቶኒን የሚባለው ኬሚካል ነው። ችላ ማለቷ ድካም ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ለእኔ የቀመር ትልቁ ጥቅሙ እንዲህ ስህተቱ እጅ ከፍንጅ መያዙ ነው። «የአንጎልን ካርታ ብቻ ስጡን፣ የቀረውን ለእኛ ተዉት» የሚሉ አሉ። ሲ. ኤሌጋንስ የምትባለው ትንሽ ትል 302 የነርቭ ሴሎች ብቻ ናቸው ያሏት፤ ካርታቸው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ካርታው ማን ከማን እንደተገናኘ ይናገራል፤ ትሏ ስትማር የትኛው ግንኙነት በስንት እንደሚጠነክር ግን አይናገርም። እናም አንዱ ተነስቶ «የሰውን አንጎል በቅርቡ ኮምፒውተር ላይ እንገለብጣለን» ካላችሁ፣ ትሏን ጨርሳችኋል ወይ በሉት።