መቅመቆን ከዱር ወደ ጓሮ

ዛሬ የምናነበው ስለ መቅመቆ ነው። ቃሉን ቀስ ብላችሁ አንብቡት፦ መ - ቅ - መ - ቆ።

መቅመቆን ታውቁታላችሁ። ሥሩ ደርቆ ይወቀጣል። ቅቤ ሲነጠር ከኮረሪማና ከኮሰረት ጋር ይጨመራል። ቅቤውን ጥሩ ቢጫ መልክ ይሰጠዋል። ገበያ ወጥቶም ይሸጣል። ታዲያ ይህን ተክል ስንቶቻችን ተክለነዋል? አብዛኞቻችን ከወንዝ ዳርና ከዱር ቆፍረን ነው የምናመጣው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጎመን ቅጠሉ ቢቀነጠብ መልሶ ያቆጠቁጣል። መቅመቆ ግን የሚፈለገው ለሥሩ ነው። ሥሩ ተነቅሎ ካለቀ ምኑ ያቆጠቁጣል?

ይህን በማታው ትምህርት ላይ አንስተን ነበር። አንዲት እናት፣ «ልጆቼ፣ ድሮ ከቤታችን ኋላ ነበር። ዛሬ ግማሽ ቀን ሄጄ ነው የማመጣው» አሉን። አንድ አባት ደግሞ፣ «እግዜር ያበቀለውን የዱር ቅጠል ማን ይተክላል?» ብለው ሳቁ። እናትየዋ ዝም አላሉም። «ጌሾስ ዱር ይበቅል የለም እንዴ? ተክለነው አይደል የጓሮ የሆነው?» አሏቸው። እኛም ከዚህ የተሻለ መልስ የለንም።

ዘመዶቹን እንለይ

መቅመቆ ዘመዶች አሉት። እንዳንሳሳት እንለያቸው። ቱልት ቅጠሉ ረዘም ያለ ነው። ፍሬው እንደ መንጠቆ የሚይዝ ጫፍ ስላለው ከልብስ ጋር ይጣበቃል። እምቧጮ ደግሞ ቁጥቋጦ ነው፤ ግንዱ እንጨት ይሆናል። መቅመቆ ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ ከሥሩ በግራና በቀኝ እንደ ጆሮ ይወጣል። ቁመቱ ከሰው በላይ ይሆናል፤ እስከ 3 ሜትር የሚደርስ አለ። ሥሩ ወፍራም ነው። አንዴ ከተተከለ ብዙ ዓመት ይኖራል።

አተካከሉ

1. ክረምት ሲገባ፣ በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ ትከሉ።

2. ከአሮጌ ተክል የሥሩን አናት ቁረጡ። እያንዳንዱ ቁራጭ እንደ ድንች ዓይን ያለ ቡቃያ ይኑረው። ዓይን የሌለው ቁራጭ አይሆንም።

3. ጉድጓድ ቆፍሩና የበሰበሰ ፍግ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉ። ዓይኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ አፈር በስሱ አልብሱት።

4. በአንዱና በሌላው መካከል 2 ክንድ ያህል ተዉ። ተክሉ ትልቅ ስለሆነ ቦታ ይፈልጋል።

5. ውሃ የሚተኛበት ቦታ አትትከሉት፤ ሥሩ ይበሰብሳል። ቦታው ረግረግ ከሆነ መፋሰሻ ቦይ አውጡለት።

አጠባበቁ

በመጀመሪያው ክረምት አረሙን ንቀሉለት። ፍየልና በግ እንዳይበሉት እሾህ እጠሩበት። የአበባውን ዘንግ ዘር ሳይዝ ቁረጡት፤ ያን ጊዜ የተክሉ ኃይል ወደ ሥሩ ይሄዳል። ለዘር የሚሆን አንድ ሁለት ዘንግ ግን ተዉ። በበጋ ቅጠሉ ቢደርቅ ሞተ ብላችሁ አትንቀሉት። ሥሩ በሕይወት ካለ ዝናብ ሲመጣ እንደገና ይነሳል።

አቆፋፈሩ

አትቸኩሉ። ቢያንስ ሁለት ክረምት ይለፈው፤ ሥሩ ይወፍራል። ዝናቡ ቆሞ ቅጠሉ ሲጠወልግ በአንድ ጎን በኩል ቆፍሩ። ግማሹን ሥር ውሰዱ፤ ግማሹን ከነአናቱ አፈር መልሱበት። ከዱር የምትቆፍሩም ብትሆኑ እንዲሁ አድርጉ። ከሁሉ በላይ እንድትይዙልን የምንፈልገው ይህንን ነው፦ ሥሩን ስንወስድ አናቱን ለመሬት እንመልስ።

የወሰዳችሁትን ሥር እጠቡ። በስሱ ከትፋችሁ በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አድርቁት። እርጥብ ሆኖ ከተቀመጠ ይሻግታል። የሻገተውን ቅቤ ውስጥ አትጨምሩ።

ጥንቃቄ

ለጋ ቅጠሉ ተቀቅሎ ይበላል። ነገር ግን ኮምጣጣ ነው፤ የቀቀላችሁበትን ውሃ ድፉት። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ባይበላው ይሻላል። ብዙ ሰው ሥሩን አፍልቶ ለደም ግፊት ይጠጣል። ሲበዛ ግን ያስቀምጣል። እባካችሁ መቅመቆ ጠጣሁ ብላችሁ ሐኪም የሰጣችሁን ኪኒን አታቋርጡ። ነፍሰ ጡር ሴትም ሐኪም ሳትጠይቅ አትጠጣ። ለቅቤ የሚገባው ቁንጥር ያህል ሌላ ነው፤ አፍልቶ በብርጭቆ መጠጣት ሌላ ነው።

ጥያቄዎች

ሀ. መቅመቆን ከቱልት በምን እንለያለን?
ለ. የምንተክለው ቁራጭ ምን ሊኖረው ይገባል?
ሐ. ስንቆፍር ለመሬት የምንመልሰው ምኑን ነው?

መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። ለጎረቤትም አንብቡለት። እስከ ሰኔ ቦታውን መርጣችሁ ፍግ አዘጋጁ። ሁለት እግር ብቻ ብትተክሉ ለአንድ ቤት መጀመሪያ ይበቃል። በሚቀጥለው ሳምንት በደኅና ያገናኘን።