ሥዕል ሥሎ መኖር

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ፣ ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠራ ወጣት፣ ሰሞኑን ደብተር ይዞ መጣ። ደብተሩ በሥዕል ታሪክ ተሞልቷል፤ አለቃውም ሳይቀሩ ተሥለዋል። «ጋሼ፣ ሥራዬን ለቅቄ ይህን በኢንተርኔት እያወጣሁ ልኖር አስቤአለሁ፤ ምን ይሉኛል?» አለኝ። ነገሩ ከአንባቢዎቼም ጥቂቶቹን ሳይመለከት አይቀርምና የመለስሁለትን እጽፋለሁ።

ሪች በርሉ የተባለ አሜሪካዊ በ2003 (በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) እጅና እግራቸው በአንዲት መሥመር ብቻ የተሣለ ጀብደኞች ያሉበትን «ዘ ኦርደር ኦፍ ዘ ስቲክ» የተባለ አስቂኝ ታሪክ በኢንተርኔት በነፃ ማውጣት ጀመረ። ታዲያ በምን ይኖራል ቢሉ፣ ታሪኩን እየሰበሰበ በመጽሐፍ መልክ ራሱ አሳትሞ ይሸጣል። በነፃ የተነበበውን ማን ይገዛል? ታሪኩን የወደደ ሰው በመደርደሪያው ሊያኖረው ይገዛል።

በ2012 ካለቁት መጻሕፍቱ አንዱን እንደገና ለማሳተም 57,750 ዶላር አስፈለገውና ኪክስታርተር በተባለው የመዋጮ ገጽ አንባቢዎቹን ለመነ። በአንድ ወር ያህል ጊዜ 14,952 ሰዎች 1,254,120 ዶላር አዋጡለት!

የወጣቱ ዓይን ሲበራ አየሁና «ቆይ እንጂ» አልሁት። ከዚህ ገንዘብ የማተሚያ ቤቱና የፖስታው ወጪ አለበት። ደግሞም ሰውዬው ላዋጡት ሰዎች አዳዲስ ታሪኮችን ሊሥልላቸው ቃል ገብቶ ነበር። በዚያው ዓመት እጁን የተሰበረ ብርጭቆ ክፉኛ ቆረጠውና ሥዕሉ ለወራት ተቋረጠ። ቃሉን ለመፈጸምም ዓመታት ፈጀበት። የመንግሥት ሠራተኛ ቢታመም የሐኪም ወረቀት ያቀርባል፤ ሠዓሊው ወረቀቱን ለማን ይሰጣል?

በ2013 የተቋቋመው ፓትሪኦን ግን አንባቢ በየወሩ ጥቂት ጥቂት የሚከፍልበት ስለ ሆነ፣ ለእኔ ከአንድ ጊዜ ሲሳይ ይልቅ ደመወዝን ይመስላል። ቢሆንም የሚከፍለው አንባቢ አስቀድሞ መገኘት አለበት።

ስለዚህ ሥራህን አትልቀቅ አልሁት። በየቅዳሜው አንድ ገጽ አውጣ፤ ዓመቱን ሙሉ 52 ገጽ ሳታጓድል ማውጣት ትችል እንደ ሆነ እንይ። የታመምህ ዕለት እንዳትቋረጥ ስምንት ያለቀላቸው ገጾች በመሳቢያህ ይኑሩ። ገና ላልተሣለ ሥዕልም ገንዘብ አትቀበል።

ፊቱ ትንሽ ጠቆረ፤ ቢሆንም ስምንቱን ገጾች ሊያመጣልኝ ተስማምቶ ሄደ። ያን ደብተር ግን ቢሮ ይዞት እንዳይገባ ለምኜዋለሁ።