ለዳኛ የተቆጠረ ዘር

በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት ሁለተኛ አንቀጽ የዘር ቆጠራ ነው። ዘውዱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትውልድ ጸንቶ እንዲኖር ሲደነግግ ንጉሠ ነገሥቱን ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ ሣህለ ሥላሴንም ሳያቋርጥ ከቀዳማዊ ምኒልክ፣ ከንግሥተ ሳባና ከንጉሥ ሰሎሞን ያያይዛል። በዚህ ቆጠራ ውስጥ ስሟ ያልተነሣ አንዲት ሴት አለች። ከሣህለ ሥላሴ ወደ ኃይለ ሥላሴ የሚያደርሰው መንገድ በወይዘሮ ተናኘወርቅ ሣህለ ሥላሴ በኩል ያልፋል፤ የራስ መኰንን እናት፣ የንጉሠ ነገሥቱ አያት ናቸው። የራስ መኰንን አባት ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ግን የሣህለ ሥላሴ ልጅ አልነበሩም። አንቀጹ አልዋሸም። ዘውድ የሚጠይቀውን መለሰ፣ ያልተጠየቀውን ተወ።

ይህ የቤተ መንግሥት ሰዎች ብልሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተነሣ ነበር። እኔ የምከራከረው ከአያት የወረስነው የዘር ቆጠራ በሙሉ እንዲህ ነው ብዬ ነው፤ አንድ ጉዳይ ኖሮ፣ አንድ ዳኛ ፊት ለመቅረብ የተሰናዳ ማስረጃ ነው። ስለዚህ የቤተሰቡን ታሪክ የሚያጠና ሰው ስም መልቀም ከመጀመሩ በፊት ቆጠራው ለማን እንደ ተቆጠረ መጠየቅ አለበት። በእኛ አገር የዘር ጥናት ሙያ ከዚህ ይጀምራል የምለውም ለዚህ ነው።

ዋናው ዳኛ የርስት ዳኛ ነበር። አንትሮፖሎጂስቱ አለን ሆበን በጎጃም ደጋ ዳሞት የባላገሩን የመሬት ሥርዓት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን በደንብ አሳይቶታል። እዚያ ሰው ርስት የሚጠይቀው በአባቱም በእናቱም፣ በአባቱ እናትም በእናቱ አባትም በኩል ነው። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አቅኚ አባት እስከ ራሱ ድረስ ስም ሳያዛንፍ ቆጥሮ፣ በዘሩ ወኪል በፈጅና በሽማግሌ ፊት ተከራክሮ ድርሻውን ያስለያል። በመርሕ ደረጃ በብዙ አገር ብዙ መብት አለው፤ በተግባር ግን ሊያርሰው የሚችለውን፣ ዘመድና ጉልበት ያለበትን ይይዛል። የማይከራከርበትን መስመር ለልጁ የሚያስጠናበት ምክንያት የለውም፤ ያ መስመር በሁለት ትውልድ ውስጥ ይደበዝዛል።

እንግዲህ የጎጃም ወይም የጎንደር ሰው የሆኑ አጎትዎ አሥራ ሁለት ስም ሳይተነፍሱ ሲወርዱት የሚሰሙት የክርክር መዝገብ ነው። በስሞቹ መካከል ድንገት ሴት ብቅ ካለች ልብ ይበሉ። በአማቷ አገር መሬት ለመጠየቅ ማንም እሷን አያነሣም፤ የተነሣችው የአባቷ አገር ርስት ስላለበት ነው። ያንን ቀበሌ፣ ያንን አጥቢያ ካወቁ የቀሩትን ዘመዶች የት እንደሚፈልጉ ያውቃሉ። ሁለት የአጎት ልጆች አንዱን ቅድመ አያት ከሁለት የተለያዩ ሰዎች ሲያስወልዱትም አንዱ ተሳስቷል ብሎ ለመፍረድ አይቸኩሉ፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ሁለት መሬት ላይ ተከራክረው ይሆናል። ልዩነቱን ጽፎ ማቆየት እንጂ ማስታረቅ የአጥኚው ሥራ አይደለም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ ይህ ዳኛ ወንበሩን ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ አሥራ ሁለት ስም ቢያጠና የሚያርስበት ነገር አያገኝም። ዛሬ ወጣቱ ዘሩን አያውቅም ብለው የሚወቅሱ ሰዎች ይህን ይዘነጉታል፤ ዘር ማወቅ ከልብ ንጽሕና ይልቅ ከእህል ጋር የተያያዘ ዕውቀት ነበር። የብዙ ቤተሰብ ቆጠራ በ1967 የቆመ የሚመስለውም ለዚህ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ትዳር፣ ስደትና ሞት በቃል ሐረጉ ላይ አልተጨመረም።

ሁለተኛው ዳኛ ጋብቻ ነው። ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት ዝምድና መኖር አለመኖሩን ለማጣራት ስለሆነ ወደ ጎን መስፋትን ይፈልጋል፣ ጥልቀቱ ግን በሰባት ይበቃዋል። የርስት ቆጠራ ግን አንድን መስመር ይዞ ወደ ታች ይዘልቃል። ሒሳቡን እንየው። ከወላጆች ጀምረን ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ብንወጣ የእያንዳንዳችን አያት ቅድመ አያት ቁጥር 254 ይደርሳል፤ በሰባተኛው ቤት ላይ ብቻ 128 ሰው አለ። ዘሩን እስከ ሰባት የሚቆጥር ሰው በአባት መስመር ሰባት ስም ከነገረን የተቀሩት 247ቱ አልተጠየቁም ማለት ነው። ጋብቻው የሚፈለግ ሲሆን ደግሞ ቆጠራው ስድስት ላይ ደክሞት የሚቀመጥበት ጊዜ አለ። ቤተሰቦቹ ከተፋቀሩ ሽማግሌም ጆሮው ይደነቁራል።

የቃል ቆጠራ ትልቁ ችግር ዘመን ነው፤ ሆኖም እዚህ ላይ ከሚታሰበው በላይ የታጠቅን ነን። ገጠር የተወለደ ሰው ዓመተ ምሕረት ባይዝ እንኳ የወንጌላዊውን ዘመን ይይዛል። ዓመቱን ለአራት አካፍሎ አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ከተረፈ ማርቆስ፣ ሦስት ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። አያትዎ በዘመነ ማቴዎስ ተወለዱ፣ የኅዳር በሽታ ሲገባ በእናታቸው ጀርባ ላይ ነበሩ ተብሎ ከተነገረ ሁለቱን ማመሳከር ይቻላል። በሽታው የገባው በኅዳር 1911፣ በዘመነ ሉቃስ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ቅርቡ ማቴዎስ 1909፣ የሰገሌ ጦርነት የተደረገበት ዓመት ነው። በበሽታው ጊዜ ሕፃኗ የሁለት ዓመት ገደማ ትሆናለች፤ በጀርባ የምትታዘል ልጅ ናት፤ ይስማማል። በዘመነ ዮሐንስ ተወለዱ ቢባል ኖሮ ወይ 1908 ወይ 1912 ይሆናል። በመጀመሪያው ሦስት ዓመት ገደማ የሆናት፣ በራሷ የምትሮጥ ልጅ ናት፤ በሁለተኛው ጭራሽ አልተወለደችም። ያኔ ከሁለቱ ምስክርነት አንዱ ከሌላ ሰው ታሪክ የተጣበቀ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ትልልቅ ክንውኖች ሰውን ወደ ራሳቸው ይስባሉና ጥርጣሬው አይበዛም። ቅድመ አያቱ ዓድዋ ያልዘመተበት ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። በ1888 ሃያ ዓመት የሞላው ዘማች በ1930 ልጅ ቢወልድ ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አይሆንም አይባልም፣ ግን መካከል ላይ አንድ ትውልድ ተውጦ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ክፉ ቀን የሚባለው ዘመንም (ከብቱ በበሽታ ካለቀበት ከ1880 እስከ 1884 ድረስ) እንዲሁ ነው። ብዙ ሐረግ እዚያ ላይ ይጎብጣል፤ ወላጅ ያለቀበትን ልጅ አጎት ወይም አክስት አሳድጎ፣ አሳዳጊው በኋላ አባት ተብሎ ይቆጠራል።

ጽሑፍ የለንም የሚለውም አባባል ግማሽ እውነት ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የክብር መዝገብን ቢደነግግም ድንጋጌው በሥራ ላይ እንዳይውል ተደርጎ ቆይቶ፣ አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን በብራና ኅዳግ ላይ ስታሰፍር ኖራለች፤ የመሬት ሽያጩን፣ ስጦታውን፣ ውሉን፣ ከነምስክሮቹና ከነሹሙ። ሹሙ የታወቀ ሰው ከሆነ ዘመኑ ይገኛል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ከሚኒሶታው ቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ 9 ሺህ ያህል መጻሕፍት አንሥቷል፤ ብዙዎቹን ምሁሩ ጌታቸው ኃይሌና ባልደረቦቻቸው በዝርዝር መዝግበዋቸዋል። ይሁንና የዓለም ስም ብቻ ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ ሁሉ ዝግ በር ነው፤ ኅዳጉ ላይ የሚገኘው ገብረ ማርያም ወይም ወለተ ሥላሴ ነው። አሮጊቷን መጀመሪያ የሚጠይቁት የክርስትና ስም ይሁን፤ ተዝካር ያወጣ ሰው አይረሳውም። የሴቶቻችን በትዳር የአባታቸውን ስም አለመተውም ትልቅ ስንቅ ነው። የአያትን ስም ያወቀ ሰው አባቷን አብሮ አግኝቷል፤ በሌላው ዓለም አጥኚዎች ለዚህች አንዲት እርምጃ ዓመታት ያጠፋሉ።

ዳኛ ፊት መቆም የማይፈቀድላቸው ሰዎችስ? በባርነት የተያዘ ሰው ርስት አይጠይቅም ነበርና ዘሩን የሚቆጥርለት መድረክ አልነበረውም። ነሐሴ 1934 በወጣው አዋጅ ባርነት ሲቀር ብዙዎች የጌታቸውን ስም እንደ አባት ስም ይዘው ወጡ። ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋም በብዙ ቦታ መሬት ተነፍገው፣ ስድብ ሲከተላቸው የኖሩ ናቸው። ሐረጉ ድንገት በአንድ አያት ላይ ቆሞ “ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው” ሲባል አጥኚው ዝምታውን መስማት አለበት። በሕይወት ያሉ ሰዎችን እንዳያዋርድ መጠንቀቅ ግዴታ ነው፤ ለራሱ ማስታወሻ ግን እውነቱን መሸፋፈን የለበትም።

ዳኛው በስደትም ተቀየረ እንጂ አልቀረም። የእስራኤል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳለፈው ውሳኔ ጎንደር ሆነው ከሚጠብቁት መካከል በእናት ወገን ከቤተ እስራኤል የሚወለዱትን ለመቀበል ሲወስን፣ የእናት እናት እናት ማን እንደነበረች ማወቅ በአንድ ጊዜ ዋጋ አወጣ። ቀድሞ የአባት ስም የሚያስጠኑ ቤቶች የሴት መስመር ፍለጋ ገቡ። በዚያ ጊዜ የተሞሉት ቅጾች ለተመራማሪ የማይገኝ ሀብት ናቸው፤ ግን የተሞሉት ለአንድ ጥያቄ መልስ ሆነው ነው። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2008 ናይሮቢ ላይ፣ ቀጥሎም አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች የስደተኛ ቤተሰብ ማገናኛ ጥያቄዎችን በዲኤንኤ ስትመረምር ብዙ ዝምድና ሳይረጋገጥ ቀርቶ ፕሮግራሙ ለጥቂት ዓመታት ተቋርጦ ነበር። ማጭበርበር ያለበት ነበረ። ያሳደገውን የእህት ልጅ “ልጄ” ያለ ሰውም ነበረበት፤ ቅጹ ለእሱ የሚሆን ሣጥን አልነበረውም። እንዲህ ያለ ሰነድ በእጁ የገባ የስደተኛ ልጅ ትክክለኛው ቀን ሳይታወቅ የተሞላውን ጃንዋሪ 1 የሚለውን የልደት ቀን እንዳለ ወደ ዛፉ ማስገባት የለበትም።

የዲኤንኤ ምርመራ በፖስታ አዝዞ መመለስ ዛሬ ቀላል ሆኗል፤ ለእኛ የሚሰጠው ግን ገና ቀጭን ነው። የሚያዛምደን ከተመረመሩ ሰዎች ጋር ብቻ ስለሆነና የእኛ ሰው በዚያ ቋት ውስጥ ጥቂት ስለሆነ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ የሩቅ ዘመድ ነው። ስምም አይነግርም።

ለአዲስ አበባ ልጅ እኔ የምመክረው የእድር መዝገብ ነው። ማን አባል እንደሆነ፣ ማን ሲሞትበት እንደሚከፈለው፣ ለማንስ እንደተከፈለ ይጻፋል፤ የርስት መዝገብ የማያውቃቸው አማትና ምራት፣ ያሳደጓቸው ልጆች እዚያ ይገኛሉ። እሱም የራሱ ዳኛ አለው፤ ጉዳዩ የቀብር ገንዘብ ነው፣ ስለዚህ አባሉ ለቅሶ የሚቀመጥለትን ሰው ሁሉ በቅርብ ዝምድና ለማስመዝገብ ይሻል። በአንድ አባል ስም ሁለት እናቶች ተጽፈው ከተገኙ ጸሐፊው ተሳሳተ ብሎ አንዷን ከመሰረዝ በፊት ከጎረቤት ጠይቆ ሁለቱንም መከተል ነው። አንዷ ወልዳዋለች፤ ሌላዋ ክፉ ቀን ሲመጣ አንሥታ አሳድጋው ይሆናል።