ካኩማ ስንት ዓመቷ ነው?



የምሥረታ በዓል ይከበር የሚሉና አይከበር የሚሉ ወገኖች በውሃ ወረፋም በቡና ላይም ሲከራከሩ ሰንብተዋል። ዝም ብንል አድርባይነት ይሆንብናልና አቋማችንን በግልጽ እንጽፋለን። ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል።

በቅድሚያ «ይከበር» ባዮቹን። ካኩማ በ1984 ዓ.ም. ተወለደች ይላሉ። ሐሰት ነው! በ1984 የተቋቋመው ካምፑ ነው። ካኩማ ከዚያ በፊትም በታራች ወንዝ ዳር ነበረች፤ ቱርካናው የደረቀውን ወንዝ አሸዋ ቆፍሮ ፍየሉንና ግመሉን ሲያጠጣ የኖረበት አገር ነው። አንዳንዱ ደግሞ ከውጭ ጋዜጠኞች የሰማውን ይዞ «ካኩማ በስዋሂሊ የትም ያልሆነ ቦታ ማለት ነው» ይላል። ስዋሂሊ አዋቂ ጎረቤቱን ቢጠይቅ እንዲህ ያለ ቃል እንደሌለ በነገረው ነበር። የሰውን አገር «የትም» ብሎ ጠርቶ ልደቱን ማክበር ምን ይባላል? ማገዶና ከሰል ተሸክማ በራችን ድረስ የምትመጣው የቱርካና እናት ታዲያ ከየት መጣች ሊባል ነው?

1984ም ቢሆን ታሪኩ በቅጡ ይነገር። ካምፑ የተከፈተው ለደቡብ ሱዳን ልጆች ነው። እነዚያ ልጆች ደርግ በግንቦት 1983 ሲወድቅ ከኢታንግና ከፑኝዶ፣ ከገዛ አገራችን ካምፖች፣ በእግራቸው የወጡ ናቸው። ትናንት እኛ ዘንድ ስደተኛ ነበሩ፤ ዓመት ሳይቆይ የእኛም ሰው ተሰዶ አጠገባቸው አሸዋ ላይ ተኛ። ይህን የማያነሣ የምሥረታ ንግግር ባይደረግ ይሻላል።

አሁን ወደ «አይከበር» ባዮቹ። «ልደቱን ካከበርን መቅረታችንን አመንን» ይሉናል። ቁስላቸው የእኛም ቁስል ነው። ነገር ግን በ1985 እዚህ የተወለደ ልጅ ዛሬ ሠላሳን አልፎ የልጆች አባት ሆኗል። የኬንያ ሕግ ዜግነትን በወላጅ እንጂ በተወለዱበት መሬት አይሰጥምና ወረቀቱ ዛሬም ስደተኛ ይለዋል። «የትውልድ አገርህ የት ነው?» ሲሉት ካኩማ ከማለት ሌላ ምን ይበል? እናቱ ያላየውን ጎንደር ወይም ወለጋ ትተርክለታለች፤ ደግ አደረገች፤ ሮጦ ያደገበት አቧራ ግን ይኸኛው ነው። «ጊዜያዊ» በሚባለው በዚህ ካምፕ በ2010 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ከ2,000 በላይ የንግድ ቤቶች ቆጥሯል። እንጀራ የሚሸጡት የእኛ ሰዎችም በዚያ ውስጥ አሉ። በዓል መከልከል ማንንም አገሩ አያስገባም፤ ልጁን ግን ልደት የሌለው ያደርገዋል።

ስለዚህ ይከበር። ሰሌዳው ላይ «ካምፑ የተቋቋመበት» ተብሎ ይጻፍ እንጂ «ካኩማ የተመሠረተችበት» አይባል። የመጀመሪያው ቃል ለቱርካና ሽማግሌ ይሰጥ፤ ቡናውን እኛ እናፈላለን። የፍየል መዋጮውን በተመለከተ ግን፣ ባለፈው የተዋጣው የት እንደገባ ሳይነገረን አንድ ሽልንግ አናወጣም።